ማን ልበል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ግን ያወጣው ስልክ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም «ማን ልበል» ነው የሚላት። «ማን ልበልን አይታችኋል?» ይላሉ፤ «ማን ልበል ዛሬ አሟት ቀርታለች» ይላሉ። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ምናልባት ደመወዝ ከፋዩ ነው። እሱም ቢሆን መነጽሩን ፈልጎ ሳያገኝ አይነግራችሁም።

ስልክ ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ፣ መስኮት የሌለው፣ አንድ ወንበርና አንድ ሰሌዳ ብቻ የሚችል ክፍል ነው። ሰሌዳው ላይ ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ ስልክ ሲመጣ አንዱ ብልጭ ይላል፣ እሷ ቁልፉን ትጫናለች፣ «ማን ልበል?» ትላለች፣ ከዚያ ወደሚፈለገው ክፍል ታገናኛለች። ሥራው ይኸው ነው። ይኸው ነው ስላችሁ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሚስቱ ተገላግላ እንደሆነ ለማወቅ ይደውላል፣ ሌላው አባቱ አርፈው እንደሆነ ለማወቅ። ሁለቱም አስቀድመው የሚሰሙት የእሷን ድምፅ ነው። ድምፁ ለሁለቱም እኩል መልካም መሆን አለበት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ገና አታውቅማ።

ደዋይ ሁሉ ደግሞ አንድ የጋራ በሽታ አለበት። «ማን ልበል?» ስትለው «እኔ ነኝ» ይላል። ሰዉ ሁሉ ስሙ «እኔ» ነው። ማን ልበል ግን «እኔ ማን?» ብላ አታፋጥጥም። ለስለስ አድርጋ «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» ትላለች፤ ሰውየውም ጥፋቱ የመስመሩ መስሎት ስሙን አስተካክሎ ይናገራል። ያን ጊዜ «እሺ፣ ላገናኝ» ትለዋለች። በእነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጎልማሳነቷን በሙሉ ኖራባቸዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠባቧን ክፍል ትወዳታለች። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው ለእሷ ተረት ሳይሆን የየዕለት ኑሮ ነው። በስልክ ቢሆን ማንም ባለሥልጣን ድምፁን ከፍ ቢያደርግባት ፍንክች የማትል ሴት፣ ፊት ለፊት ሲሆን ዳቦ ሻጩን «የደረቀውን ነው የሰጠኸኝ» ማለት አቅቷት ደረቁን ይዛ ትገባለች። ከደረጃው ሥር ግን ማንም አያያትም፤ እሷም በእግር ኮቴ ብቻ ሰዉን ሁሉ ለይታ ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ራሷ ላይ ሲረማመዱባት ስለ ነርሶቹ አለቃ «ሜትሮኗ ዛሬ ተቆጥታለች» ትላለች ለራሷ፤ ተሳስታም አታውቅ።

አንድ ሰው ብቻ ወደዚህች ክፍል እንደ ቤቱ ይገባል፤ የኮምፒውተር ባለሙያዋ። እሷን ደግሞ «ሲስተም» ብለዋታል። ሻይ ልትጠጣ ከወጣች «ሲስተም የለም» ይባላል፤ እውነትም የለችም። ነርሶቹ ሁሉ «ሲስተር» ስለሆኑ ማን ልበል በቀን ስንት ጊዜ «ሲስተርን ነው ሲስተምን?» ብላ እንደምትጠይቅ እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት።

የሁለቱ ፍቅር የቆየ ነው። ሲስተም የተቀጠረች ሰሞን ጡት ያልጣለች ልጅ ነበረቻት፣ የምትተውበት ዘመድ ግን አልነበራትም። ሕፃኗን አዝላ ከጠረጴዛ ሥር ገመድ ስትጎትት ያየ ሁሉ «አይ ኑሮ!» እያለ አለፈ። «አምጫት እዚህ» ያለቻት ማን ልበል ብቻ ናት። በኮምፒውተር ካርቶን ውስጥ ብርድ ልብስ ተነጠፈና ልጅቷ ከሰሌዳው ሥር፣ በስልክ ጥሪ እሹሩሩ እየተባለች አደገች። አፏን ስትፈታም እንደ ሰው ልጅ «እማማ» አላለችም፤ የእናቷን ጫማ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ማንበል?» አለች። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ሲስተም ግን እስከ ዛሬ «እትዬ፣ የአንቺን ውለታ በምን ልመልሰው?» ማለቷን አልተወችም። ማን ልበል «ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ መብራት እየበራ ነው» ብላ ወደ ሰሌዳዋ ትዞራለች።

እንዲህ ሲኖር፣ አንድ ቀን አስተዳዳሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ስልክ ቤቱ ገባ። ጎንበስ ካላለ ጣሪያው ይመታዋል። ከእሷ በዕድሜ ብዙ የሚያንስ፣ ክፋት የሌለበት፣ መጥፎ ወሬ ሲናገር እስክሪብቶውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ይህ ሰሌዳ ሊነሳ ነው» አላት። «ከእንግዲህ ደዋዩ ራሱ ቁጥር እየመታ የሚፈልገው ክፍል ይገባል።»

«እኔስ?»

«ለእርስዎ ካርድ ክፍል ቦታ ይዘናል። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ በሽተኛ መመዝገብ ነው። ግን አዲሱን ኮምፒውተር መቻል ይኖርብዎታል።»

«ባልችልስ?»

እስክሪብቶውን ከፈተው፣ ዘጋው። «ያው… ጡረታ አለ። ከጊዜው ትንሽ ቀደም ቢልም።»

ማታ ለባሏ ልትነግረው ሞከረች። ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን በልቶበታል። ቀኑን ሙሉ በለሆሳስ የምታወራ ሴት ቤቷ ስትገባ እንደ ጥሩምባ ትጮኻለች።

«ሰሌዳዬን ሊያነሱት ነው!»

«ሰላጣ?»

«ሰሌዳዬን! ስልኩን! ከሥራ ልወጣ ነው!»

ይኼኛውን ሰማው። የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ። «እኔ መኪናዋን መልሼ ስወጣ» አለ፣ «ቁልፉን የተቀበለኝ ልጅ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። ‹እዚህ ጋ ፈርም› ብቻ ነው ያለኝ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ስምህ ማነው ያለኝ የለም።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ እንደዚያ ሆነሽ እንዳትወጪ።»

ይህ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የጡረታው ነገር አልነበረም ያሳሰባት፤ ያም አይቀር። ኖራ ኖራ፣ እንደ ተበላሸ ስልክ ተነቅላ መውጣቷ ነው።

ስለዚህ ሥልጠና ሲጠራ ሄደች። ካርድ ክፍል ከወጣት ጸሐፊዎች መካከል ተቀመጠች። ስክሪኑ በራ። «ስምህን አስገባ» ይላል። ማን ልበል ይህ የተባለው ወንድ የት እንዳለ ለማየት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞር አለች። ከዚያ ለእሷ መሆኑ ሲገባት በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመች ጻፈች። አንዱን ሆሄ ሳተች መሰለኝ፣ ቀይ ጽሑፍ ቦግ አለ፤ «ተሳስተሃል! እንደገና ሞክር!» ከኋላዋ አንዷ ሳቀች። በእሷ ላይ ይሁን በሌላ ነገር አይታወቅም፤ ማን ልበል ግን ከአንገቷ በላይ እሳት የነደደባት ያህል ጋላት። እሷ ጠጥቶ ለሚደውል ሰካራም እንኳ «ተሳስተሃል» ብላ አታውቅም! «ሰሌዳውን ጥዬው መጣሁ» ብላ ተነስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሥልጠና በተጠራ ቁጥር አንድ ጊዜ ጥርሷን፣ አንድ ጊዜ ወገቧን አመማት።

ነገሩ ግን ያስቸገረው እሷን ብቻ አልነበረም። ሲስተምን የሚፈልግ ሁሉ የሚደውለው በእሷ በኩል ስለሆነ፣ የሆስፒታሉ ብሶት በሙሉ በጆሮዋ አለፈ። መጀመሪያ የደወለችው የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ናት።

«ይህ ማሽን ‹አንተ› ይለኛል! ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ይህን የጻፈው ሰው አሳዳጊ የበደለው መሆን አለበት። አገናኚኝ ከልጅቷ ጋር!»

የመግቢያውን ጽሑፍ መቀየር ለሲስተም ሥራ አይደለም፤ አንድ ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር መጻፍ ነው። የሚበዛው ሴት ሠራተኛ ነውና በማግስቱ «ስምሽን አስገቢ» አደረገችው። ከረፋዱ በፊት ቀዶ ጠጋኙ ደወለ፤ በር የሚሞላ፣ ፂሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰው ነው። «ማን ልበል፣ እባክሽ ሲስተምን ስጪኝ። ኮምፒውተሩ አንቺ ብሎኛል፤ ነርሶቹ ደግሞ አይተውታል» አለ። የነርሶቹ ሳቅ ከኋላው በስልኩ ይሰማ ነበር።

ሲስተም ይህን ትታ ሁሉንም አከበረች፤ «ስምዎን ያስገቡ።» አሁንስ ማን ይቀየማል? የተቀየመ የለም። ግን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጠዋት ከስክሪኑ ፊት እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አንድ ጓንት አልወጣም። ማን ልበል ራሷ ደውላ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አለቃችንን እየጠበቅሁ ነው» አላት።

«ለምን?»

«‹ስምዎን› ነው የሚለው። እኔን ማን እርስዎ ብሎኝ ያውቃል? ለእሳቸው ነው እንጂ!»

ሲስተም ራሷን ይዛ «ስማችሁን አስገቡ» ብላ ለወጠችው። ከመድኃኒት ቤት ሁለቱ ጓደኛሞች ደወሉ። አንድ ኮምፒውተር ነው ያላቸው፤ «ስማችሁን» ስላለ የሁለታቸውንም ስም በመሃሉ «እና» አድርገው ጽፈዋል፣ አልገባ ብሏቸዋል። «ወይስ የማን ይቅደም?» አሉ፤ እሱ ላይም ተጣልተው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሲስተም ወደ ስልክ ቤቱ ገብታ ካርቶን ላይ ዘጭ አለች። ማን ልበል ከፔርሙሷ ሻይ ቀዳችላት።

«እትዬ፣ ልሞት ነው» አለች። «አንተ ስል ሴቶቹ፣ አንቺ ስል ወንዶቹ፣ እርስዎ ስል ስቶሩ፣ እናንተ ስል ጉድ! የማላየውን ሰው ምን ብዬ ነው የማናግረው?»

ማን ልበል ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ መብራቱ በራ። «ማን ልበል?» አለች። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም።… እሺ፣ ላገናኝ።» ወደ ሲስተም ዞረች፤ ሌላ መብራት በራ። «ማን ልበል?… እሺ፣ ላገናኝ።» እንደገና ዞረች። «ይቅርታ ልጄ፣ ምን ነበር ያልሽው?»

ሲስተም ብርጭቆውን እንደያዘች ማን ልበልን ትኩር ብላ ታያታለች፤ አዲስ ሰው ያየች ትመስላለች። ከዚያ ሻይዋን ሳትጠጣ አስቀመጠችና ብድግ ብላ ወጣች፤ ኮቴዋ በራስጌ በኩል ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ሲወጣ ይሰማል። ማን ልበል ከፋት። «ልጅቷ ተጨንቃ መጥታ እኔ ስልክ ሳነሳ ሰደድኳት» አለች። ቀዝቃዛውን ሻይ ራሷ ጠጣችው።

ሰሌዳው በሳምንቱ መጨረሻ ተነቀለ። ሰኞ ጠዋት ማን ልበል መጣችና ከደረጃው ሥር ቆመች። ግድግዳው ላይ ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል፤ ከጣሪያው ላይ ሜትሮኗ እየረገጠች አለፈች። ማን ልበል ከወንበሯ ላይ ትራሷን አነሳችና ብብቷ ውስጥ ያዘች። ሐሳቧን ቆርጣ ነው የመጣችው። ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄዳ «ጡረታውን ጻፉልኝ» ልትል ነው። በመንገዷ ላይ ግን ሲስተም ቆማለች።

«እትዬ፣ ወደ የት?»

«አስተዳደር።»

«ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ካርድ ክፍል ተቀመጪልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ አታሳፍሪኝ። አልችልም። ዕድሜዬን በሙሉ ተከብሬ ኖሬ በመጨረሻ ማሽን ሲሰድበኝ ሰው አያየኝም።»

«ማንም የለም። መስኮቱም አልተከፈተም። ለእኔ ስትይ።»

ለእኔ ስትይ የሚለውን ቃል ማን ልበል እምቢ ብላ አታውቅም፤ ድክመቷ ነው። ገባች። ካርድ ክፍሉ ፀጥ ብሏል፣ የመስኮቱ መጋረጃ ወርዷል፣ ከውጭ የተሰለፉት በሽተኞች ሳል ብቻ ይሰማል። ትራሷን ወንበሩ ላይ አደረገችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሲስተም «ገመዱ ላልቶ ነው» ብላ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔን ከጠየቃችሁ ገመዱ አልላላም፤ እንድታያት አልፈለገችም።

ስክሪኑ በራ። አንተ አይልም፣ አንቺ አይልም፣ እርስዎም እናንተም አይልም። ሰማያዊው ላይ በነጭ ሁለት ቃል ብቻ አለ።

«ማን ልበል?»

ክው አለች። መጀመሪያ የመሰላት ሰው እየቀለደባት ነው፤ ዞር አለች፤ ማንም የለም። መልሳ አየችው። የራሷ ቃል ነው። አገሩን ሁሉ ስትጠይቅበት የኖረችው ቃል ቁጭ ብሎ እሷን ይጠይቃታል። ያኔ ነው ትዝ ያላት፣ ለስንት ሺህ ሰው ይህን ስትል ኖራ አንድም ሰው መልሶ ጠይቋት አያውቅም። ማንስ ይጠይቃት? እሷ እኮ ስልኩ ናት።

እጇ ሳታዘው ተነሳና፣ ያን ሁሉ ዘመን የታዘበችውን የደዋይ ጥፋት እሷ ራሷ ሠራችው። በሁለት ጣት፣ ፊደል እየለቀመች፣ «እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ቀይ አልበራም።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

ማን ልበል ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ ውስጥ እንባ ነበረበት። «ልክ ነው!» አለች ለስክሪኑ፤ «እኔስ ምን እል ነበር!» ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ተስተካክላ ተቀመጠች። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም፣ ደመወዝ ከፋዩ በመነጽር የሚያነበውን ስም፣ ጻፈችው። አንዱን ሆሄ ሳተች፤ ራሷው አየችው፣ አጥፍታ አስተካከለችው። የይለፍ ቃሉን ሲስተም ከጠረጴዛው ሥር በሹክሹክታ ነገረቻት፤ የዚያች የካርቶን ውስጥ ሕፃን የቤት ስም ነው፣ እሱን እኔም አልነግራችሁም።

«እሺ፣ ላገናኝ።»

ገጹ ተከፈተ። የበሽተኛ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ የሚሞላበት ቦታ ሁሉ ተዘርግቶ ቀረበላት። ማን ልበልም፣ የሚፈልጉትን ያገኙ ደዋዮች ሁሉ በመጨረሻ የሚሏትን እሷም አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ዷ አለ፤ ሲስተም ቀና ስትል ጭንቅላቷ ተመቶ ነው። «አብሮ ይስጠን፣ እትዬ» አለች። እዚያው ሥር እንዳለች ድምፅዋ ተቆራረጠ። «መዝገቡ ላይ ላስገባሽ ብል ስምሽን አላውቀውም። ልጄን ያሳደገችልኝን ሴት ስም፣ ደመወዝ ክፍል ሄጄ ነው የጠየቅሁት። አፈርኩ።»

«ነይ ውጪ ከዚያ» አለች ማን ልበል። አቧራውን ከፀጉሯ ላይ አራገፈችላትና አገጯን ይዛ ሳመቻት። «ጠይቀሽ አመጣሽው አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትመልሺልኝ?»

ያን ዕለት በየክፍሉ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያችኑ ጥያቄ አገኘ። የተቀየመ አልነበረም። የግምጃ ቤቱ ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ጮክ ብሎ መለሰ አሉ፤ ሜትሮኗም ጽሑፉን አንብባ «እንዲህ ነው እንጂ፣ ሰው ያሳደገው!» ብላለች። ካርድ ክፍል ግን ያን ጊዜ መጋረጃው ተነስቶ ነበር። አንድ በሽተኛ አዛውንት ከመስኮቱ ማዶ ቆመው ነበር፤ ማን ልበልም ፊታቸውን አየችው፣ ፈራች፣ ግን አፏ ከእሷ ቀድሞ የለመደውን ተናገረ። ፊቱ አላቃጠለም።

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሻይው ፈልቶ፣ ብርጭቆው ተቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት የዋለ ይመስላል።

«እሺ? ወጣሽ?»

«ገባሁ!»

«ምን?»

«ገባሁ! ስሜን ጠየቁኝ!»

ጆሮውን ወደ እሷ አስጠጋ። «ምን አደረጉሽ?»

«ስሜን ጠየቁኝ!» ብላ ጮኸች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። ባሏ አሁንም አልሰማ ይሆናል ብላ ደገመችለት፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ሰምቶ ነበር፣ ደግማ ስትናገረው ማየት ፈልጎ ነው።